ለምስክሩ ምስክር

ስለ ስብ አሲድ ያዥ ፕሮቲን፣ እርሱን ለመለየት ስለሚያገለግለው አንቲቦዲና ከቡታጅራ ስለተገኘው ትምህርት ለሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር



ቅቤና ውሃ እንደማይዋሐዱ ለመረዳት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ክትፎ የምታሰናዳ ባለሙያ ሁሉ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ንጥር ቅቤ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም። የሰው ሰውነት ግን አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ታዲያ በማዕድ ላይ የቀረበው ቅቤ ተፈጭቶና ወደ ስብ አሲድነት ተለውጦ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ ልብ ጡንቻ ሲጓዝ ያን ሁሉ ውሃ እንዴት ይሻገራል? የዚህ ንግግር መነሻ ይህ ጥያቄ ነው። መድረሻው ግን ከዚህ ራቅ ያለ ነው፤ ይኸውም አንድ ባለሙያ በእጁ የያዘውን መለኪያ በምን ያህል ሊያምን ይገባዋል የሚለው ነው።

በደም ውስጥ የስብ አሲድን የሚሸከመው አልቡሚን መሆኑ ከረዥም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። በሕዋስ ውስጥ ግን ይህን ተግባር የሚያከናውነው ማን እንደሆነ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በዚያ ዓመት ሮበርት ኦክነርና ባልደረቦቹ በአንጀት ሽፋን፣ በጉበት፣ በልብ ጡንቻና በሌሎችም ኅብረ ሕዋሳት ፈሳሽ ክፍል ውስጥ የስብ አሲድን የሚይዝ ትንሽ ፕሮቲን መኖሩን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ገለጡ። ፕሮቲኑ 130 ገደማ ከሚሆኑ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሲሆን ክብደቱ ከ14 እስከ 15 ኪሎ ዳልተን ነው። ቅርጹም የቅቤ ቅልን ያስታውሳል፤ ዐሥር ጥብጣብ መሳይ ክፍሎች ዙሪያውን ተጠምጥመው ሆዱን ይሠራሉ፣ ሁለት አጫጭር ጥምዝ ክፍሎች ደግሞ እንደ ክዳን ከአፉ ላይ ይቀመጣሉ። የስብ አሲዱ በሆዱ ውስጥ ተሸሽጎ በውሃው መካከል ያልፋል።

ይህ ፕሮቲን አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ነገር ግን ፕሮቲኑ ብዙ ወንድማማቾች አሉት። የጉበት ዓይነት አለ፤ የአንጀት ዓይነት አለ፤ የልብ፣ የስብ ሕዋስ፣ የቆዳ፣ የአንጎል፣ የነርቭ ሽፋን ዓይነትም አለ። በአሚኖ አሲዳቸው ቅደም ተከተል እርስ በርስ ያላቸው ተመሳሳይነት እንደየጥንዱ ከ20 እስከ 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በቅርጻቸው ግን ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በክብደታቸውም እንዲሁ ስለሚቀራረቡ አንዱን ከሌላው በሚዛን ለመለየት አይቻልም። የላቦራቶሪ ባለሙያው ችግር የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

ባለሙያው ስለዚህ ፕሮቲን ለምን ያስባል ቢባል፣ ፕሮቲኑ የጉዳት ምልክት ስለሆነ ነው። ትንሽና በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ያለ በመሆኑ፣ ሕዋሱ ሲጎዳ ቀድሞ ወደ ደም ከሚፈሱት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ያን ግላትስና ባልደረቦቹ ደም ተቋርጦበት ከነበረ የአይጥ ልብ ይህ ፕሮቲን እንደሚፈስ አሳዩ። ከዚያ በኋላ በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ የልብ ጡንቻ በደም እጦት ሲጎዳ የልቡ ዓይነት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በደም ውስጥ ይታያል፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል፤ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜም ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል። የአንጀቱ ዓይነት ደግሞ በአንጀት ግድግዳ ላይ ካሉት ጣት መሳይ ቅንጣቶች ጫፍ የሚገኙ ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም ይገባል። በሁለቱም ረገድ ፕሮቲኑን ከደም የሚያጣራው ኩላሊት ነው።

ለጉራጌ ምድር ይልቁንም የሚቀርበው የአንጀቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እንሰት በሚበላበት አገር ብዙዎች ምክንያቱን ከምግቡ ይፈልጉታል፤ ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ መሆኑ እውነት ነውና። ሌሎች ደግሞ ምክንያቱን ከአንጀቱ ይፈልጋሉ። ንጽሕና በጎደለው አካባቢ የሚያድግ ሕፃን ተቅማጥ ባይታይበት እንኳ አንጀቱ ቀስ በቀስ ይጎሳቆላል፤ ጣት መሳይ ቅንጣቶቹ ያጥራሉ፤ የበላው አይዋሐደውም ይላሉ። በኬንያ፣ በባንግላዴሽና በዚምባብዌ የተካሄዱት ታላላቅ የሙከራ ጥናቶች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ውጤታቸው ሲታወቅ ግን፣ ውሃና መጸዳጃ ቤት ማሻሻሉ ብቻውን የሕፃናቱን ቁመት አልጨመረም። ስለሆነም የአንጀትን ጉዳት በትክክል የሚለካ ምልክት ማግኘት ከምን ጊዜውም ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ምልክቱ ከተሳሳተ መፍትሔውም ይሳሳታል። ምግብ የሚያስፈልገው ሕፃን መጸዳጃ ይሠራለታል፤ ንጽሕና የሚያስፈልገው ደግሞ ምግብ ይታደለዋል።

ምልክቱን የሚለየው አንቲቦዲ ነው። በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ይህ የሰውነት መከላከያ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ ከአንድ ቤት ወንድማማቾች መካከል አንዱን ጠርቶ እንዲያመጣ እንደሚላክ መልእክተኛ ሆኖ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤንግቫልና ፐርልማን የኤላይዛን ዘዴ አቀረቡ። በ1975 ደግሞ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያለማቋረጥ የሚያመነጭ ሕዋስ መፍጠር እንደሚቻል አሳዩ፤ ለዚህም በ1984 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ከዚያ ወዲህ አንቲቦዲ በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም ግን የመልእክተኛው ተስፋ እንጂ የተልእኮው ማረጋገጫ አይደለም።

ይህ አባባል ማጋነን እንዳይመስል፣ የዓለም ሳይንስ ራሱ የተናገረውን መጥቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድሩ ብራድቤሪና አንድሪያስ ፕሉክቱን ከ100 በላይ ከሚሆኑ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ለምርምር የሚሸጡ አንቲቦዲዎች ደረጃ እንዲወጣላቸው ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ጥሪ አቀረቡ። በ2016 ማቲያስ ኡሌንና ባልደረቦቹ አንቲቦዲ የሚፈተንባቸውን አምስት መንገዶች ዘረዘሩ። በ2023 ይፋ በሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ በ65 ፕሮቲኖች ላይ የሚሠሩ 614 የገበያ አንቲቦዲዎች በአንድ ዓይነት ሥርዓት ተፈትነው፣ ከግማሽ የሚበልጡት ቢያንስ በአንዱ የአጠቃቀም ዘርፍ ሳያልፉ ቀሩ። እነዚህ አንቲቦዲዎች ወደ ድሀ አገር የተላኩ ውዳቂዎች አልነበሩም፤ በታላላቅ ላቦራቶሪዎች ውስጥ በየዕለቱ የሚሠራባቸው ነበሩ።

አንድ ሰው «ይህን ሁሉ ፈተና የወልቂጤና የቡታጅራ ላቦራቶሪ እንዴት ይችለዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ግን ከሩቅ አይደለም፤ ከዚያው ከቡታጅራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮጀክትን አቋቋመ። በዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ውስጥ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ መመዝገብ ተጀመረ። በዚያው ጊዜ ዶክተር ሬድኣ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ 60,820 ሰዎችን ያካተተ የነርቭ በሽታዎች ጥናት አካሄዱ። ጥናቱ የሚጥል በሽታ ከ1,000 ሰዎች በ5.2ቱ ላይ እንደሚገኝ አረጋገጠ። የቁጥሩ ጥቅም የታወቀ ነው፤ ለላቦራቶሪ ባለሙያ ግን ከቁጥሩ ይልቅ መንገዱ ያስተምራል። መጠይቁ አስቀድሞ በአነስተኛ ጥናት ተሞከረ። ከዚያም ሥልጠና ያገኙ ጠያቂዎች ቤት ለቤት ጠየቁ። በመጠይቁ የተጠረጠረው ሰው ወዲያው ሕመምተኛ ተብሎ አልተቆጠረም፤ ሐኪም በአካል መረመረው። በሌላ አነጋገር፣ መጠይቁ ጠራ እንጂ አልፈረደም።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ትምህርቱ ይበልጥ ጠለቀ። እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው የጽኑ የአእምሮ ሕመም ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 የቡታጅራ አካባቢ ነዋሪዎች ተጣሩ። ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለም፣ ተሾመ ሽብሬና ሌሎች ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ይህ ጥናት በአንድ መለኪያ ብቻ አልተደገፈም። በአንድ በኩል ቤት ለቤት የሚቀርብ ዓለም አቀፍ መጠይቅ ነበር፤ በሌላ በኩል ደግሞ አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎች ሕመም ይታይባቸዋል የሚሏቸውን ጠቆሙ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ አንዱ የሳተውን ሌላው አገኘ፤ ጠቋሚዎቹ ስኪዞፍሬንያን፣ መጠይቁ ደግሞ የስሜት መዋዠቅ ሕመሞችን በመለየት በለጡ። ተመራማሪዎቹ በአንዱ ብቻ ተማምነው ቢሆን ኖሮ፣ ያልተቆጠሩት ሕሙማን የሉም ተብለው በቀሩ ነበር።

እንግዲህ መጠይቅና አንቲቦዲ በጠባያቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም ከብዙ መካከል አንዱን እንዲለዩ ይላካሉ፤ ሁለቱም የተላኩለትን ሊስቱ ያልተላኩለትንም ሊያመጡ ይችላሉ። ቡታጅራ ያስተማረችው ምስክሩ ራሱ ምስክር እንደሚያስፈልገው ነው። ይህ ትምህርት ወደ ላቦራቶሪ ጠረጴዛ ሲመጣ የሚከተሉትን ተግባራት ይጠይቃል።

የመጀመሪያው፣ በክብደት ብቻ አለመታለል ነው። በዌስተርን ብሎት ላይ በ15 ኪሎ ዳልተን አጠገብ አንድ ጥቁር መስመር ቢታይ፣ አንቲቦዲው ሠርቷል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይደመደማል። ለዚህ ቤተሰብ ግን ያ መስመር ማስረጃ አይሆንም፤ ወንድማማቾቹ ሁሉ የሚቆሙት በዚያው ቦታ ነውና። ስለዚህ የልቡን፣ የአንጀቱን፣ የጉበቱንና የስብ ሕዋሱን ዓይነት ለየብቻ የተዘጋጁ ንጹሕ ፕሮቲኖች አድርጎ ጎን ለጎን ማስሮጥና አንቲቦዲው የትኛውን እንደሚያውቅ ማየት ያስፈልጋል። አንቲቦዲው የከብትን ፕሮቲን እንደሚያውቅ ከተረጋገጠም ከሥጋ ቤት የተገኘ የበሬ ልብ፣ ጉበት፣ ትንሹ አንጀትና ጮማ በርካሽ የሚገኙ መነጻጸሪያዎች ይሆናሉ። የልቡ አንቲቦዲ በልብ ላይ አብርቶ በጮማው ላይም ካበራ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም እንደገና ሊጤን ይገባዋል።

ሁለተኛው፣ የማቅጠን ፈተና ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሴረም 800 ቢያነብ፣ በእጥፍ ሲቀጥን 400፣ እንደገና በእጥፍ ሲቀጥን 200 እንዲያነብ ይጠበቃል። በዚህ ፈንታ 800፣ 650፣ 500 ቢሆን፣ በናሙናው ውስጥ ሌላ ነገር እየገባ ያደናግራል ማለት ነው። ከዚሁ ጋር የታወቀ መጠን ያለው ፕሮቲን በናሙናው ላይ ጨምሮ ከጨመሩት ውስጥ ስንት እጅ እንደተመለሰ ማስላት ይገባል፤ ከ80 እስከ 120 በመቶ ያለው መልስ በተለምዶ ተቀባይነት አለው። ሁለቱም ፈተናዎች ከአንድ ፒፔትና ከአንድ ቀን ትዕግሥት በቀር የሚጠይቁት ልዩ መሣሪያ የለም።

ሦስተኛው፣ የሰውን የራሱን አንቲቦዲ ማስታወስ ነው። በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ የአይጥን ወይም የሌላ እንስሳ አንቲቦዲን የሚይዙ አንቲቦዲዎች ይገኛሉ። በኤላይዛ ሳህን ላይ ሁለቱን የመለኪያ አንቲቦዲዎች ያለ ፕሮቲኑ ድልድይ ሆነው ስለሚያገናኟቸው፣ የሌለ ነገር እንዳለ ያስመስላሉ። ይህን የሚያግድ መፍትሔ መጠቀም ስሕተቱን ያጋልጣል።

አራተኛው፣ የተለየ ምስክር መጥራት ነው። የፕሮቲኑን ሌላ ክፍል የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ተመሳሳይ ውጤት ከሰጠ እምነቱ ይጠነክራል። ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን በተወገደበት ሕዋስ ላይ መፈተን ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። ይህ በየከተማው ሊደረግ ባይችልም፣ በጉብሬ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ የቡታጅራ ሆስፒታልና በአዲስ አበባ ያሉት የምርምር ተቋማት በአንድ ላይ ሆነው አንድ ጊዜ ቢያስፈትኑት ለሁሉም ይበቃል። አንድ የተፈተነ ጠርሙስ ካልተፈተኑ ዐሥር ጠርሙሶች ይበልጣል።

አምስተኛው፣ ጠርሙሱ ያሳለፈውን ታሪክ መጻፍ ነው። የአንቲቦዲው የካታሎግ ቁጥር፣ የባች ቁጥሩ፣ የተከፈተበት ቀን፣ መብራት በጠፋባቸው ሰዓታት ማቀዝቀዣው የደረሰበት ሙቀት፣ ሴረሙ ስንት ጊዜ እንደቀለጠና እንደገና እንደቀዘቀዘ ሁሉ በመዝገብ መስፈር አለበት። ከወልቂጤ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ መንገድ ላይ በረዶው የሟሟበት ሣጥን በመጨረሻ የሚሰጠው ቁጥር ልክ እንደ ደህናው ቁጥር ያማረ ሆኖ ይታያል። ልዩነቱን የሚናገረው መዝገቡ ብቻ ነው።

መለኪያው ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ትርጓሜው ይቀራል። የአንጀቱ ዓይነት ፕሮቲን ከደም ውስጥ በፍጥነት የሚወገድ በመሆኑ ደሙ የተወሰደበት ጊዜ ራሱ የውጤቱ አካል ነው። ጽኑ የአካል እንቅስቃሴም በጤነኛ ሰው ላይ የአንጀቱንም የልቡንም ዓይነት ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ የልቡ ዓይነት በሌሎች ጡንቻዎች ውስጥም ይገኛልና። አቀበት ወጥቶ ጤና ጣቢያ የደረሰ ጎልማሳና በአልጋው ላይ ያደረ ጎልማሳ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም። ኩላሊቱ የደከመ ሰውም ሌላ ጉዳት ሳይኖርበት ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የዝቅተኛው ቁጥር ትርጉም ነው። የአንጀቱ ጣት መሳይ ቅንጣቶች ፈጽሞ ካለቁ ፕሮቲኑን የሚያፈስሰው ሕዋስም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር የጤነኛ አንጀት ሊሆን ይችላል፤ የሚጎዳ ነገር ያልቀረለት አንጀትም ሊሆን ይችላል። አንድ ሕፃን በቁጥሩ ብቻ ደህና ተብሎ ወደ ቤቱ ቢመለስ፣ ጥፋቱ የአንቲቦዲው ሳይሆን የተርጓሚው ነው።

የዚህ ፕሮቲን ቤተሰብ በሰውና በከብት ብቻ ሳይወሰን በጥገኛ ትሎችም ዘንድ ይገኛል። የቢልሃርዝያ ትል የራሱ የስብ አሲድ ያዥ ፕሮቲን አለው፤ ስብ አሲድን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከተቀመጠበት ሰውነት ይወስዳልና። በብራዚል ሚሪያም ቴንድለርና ባልደረቦቿ በዚህ ፕሮቲን ላይ የተመሠረተ ክትባት ለማግኘት ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። በደጋው ከብትና በግ ላይ ብርቱ ጉዳት የሚያደርሰው የጉበት ትልም የዚሁ ፕሮቲን ዘመድ አለው። ኢትዮጵያ ለዚህ ትግል እንግዳ አይደለችም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ የታጠበበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አስተውለው ለቢልሃርዝያ መከላከያ መንገድ ከፍተዋል። እርሳቸውም ያዩትን በዓይን ብቻ አላመኑም፤ በላቦራቶሪ ደጋግመው ፈተኑት።

በመጨረሻ ሊነሣ የሚገባው ነገር በጠርሙሱ ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ «ለምርምር ብቻ» ይላል። ደረቱን ይዞ በሌሊት ወደ ሆስፒታል የመጣ ሰው ባለበት፣ ትሮፖኒን የሚለካበት መሣሪያ በሌለበት፣ በማቀዝቀዣው ውስጥ ግን የልቡን ዓይነት ፕሮቲን የሚለይ የምርምር አንቲቦዲ ባለበት ሰዓት ፈተናው ከባድ ነው። ቁጥሩን አውጥቶ በሕመምተኛው ካርድ ላይ መጻፍ እርዳታ ይመስላል። ነገር ግን ያ ቁጥር በታካሚ ላይ እንዲፈርድ አልተፈተነም። ደህና ነህ ብሎ የታመመውን ሊሸኝ፣ ታመሃል ብሎ ደህናውን ሊያስደነግጥ ይችላል። በዚያ ሰዓት የባለሙያው ግዴታ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ እንዲነሣና ሕመምተኛው ወደሚበልጥ ሆስፒታል እንዲላክ ሐኪሙን ማገዝ ነው። «አላውቅም» ብሎ መጻፍም የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ አንዳንዴም ከሁሉ የታመነው ውጤት እርሱ ነው።

ቡታጅራ ለብዙ ዓመታት ደጅዋን ለተመራማሪዎች ከፍታለች። ቤተሰቦች ልደታቸውንና ሞታቸውን አስመዝግበዋል፤ የደበቁትን ሕመም ተናግረዋል፤ እናቶች የልጆቻቸውን ክንድ ለመርፌ ዘርግተዋል። ከሕፃን ክንድ የተቀዳ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም በአደራ የተሰጠ ነው። እናቲቱ ስለ አንቲቦዲው ባች ቁጥር አትጠይቅም፤ ስለ ማቅጠን ፈተናም አትጠይቅም፤ የምታምነው ነጭ ጋውን የለበሰውን ሰው ነው። ስለሆነም እርሷ የማትጠይቀውን ጥያቄ በእርሷ ፈንታ፣ ደሙ ከመቀዳቱ በፊት፣ ሊጠይቅ የሚገባው የላቦራቶሪው ባለሙያ ነው።